ጎረቤት ጂ+7 ሊጀምር ነው፤ እኛ ከጂ+4 በታች አይፈቀድላችሁም ተባልን

ጥያቄው፦ ባሕር ዳር መሀል ከተማ፣ ከሐይቁ ሁለተኛ ረድፍ፣ ዋና መንገድ ዳር 300 ካሬ ሜትር ነባር ይዞታ አለን። አባታችን የሠሩት ቤት አርጅቷል። አፍርሰን ጂ+1 እንሥራ ብንል «በዚህ መንገድ ላይ ከጂ+4 በታች አይፈቀድም» ተባልን። በሰሜን፣ በሐይቁ በኩል የሚያዋስነን ጎረቤት ደግሞ ከመሬት በታች ምድር ቤት ያለው ጂ+7 ሆቴል ሊሠራ ቁፋሮ እየተዘጋጀ ነው። የሰፈሩ ሰው ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ «ከፍታ ይገደብልን፣ ሐይቁን ሊጋርዱብን ነው» ይላል፣ ግማሹ «ከተማው ይደግ» ይላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ሁለት ጥያቄ አንድ ላይ ነው ያመጣችሁት፤ የሁለቱም መነሻ ግን አንድ ሰነድ ነው። ለእናንተ የተነገራችሁ ዝቅተኛ ከፍታም ጎረቤታችሁ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ከፍታም የሚመነጨው ከአካባቢ ልማት ፕላኑ ነው። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላኑ የከተማውን ጠቅላላ አቅጣጫ ይወስናል፤ የአካባቢ ልማት ፕላኑ ወደ ሰፈርና ወደ መንገድ ወርዶ የሕንፃ ከፍታን፣ ከወሰን የሚለቀቀውን ርቀትና የመንገድ ስፋትን ያስቀምጣል። ይህ ለአንድ ይዞታ ተለይቶ በጽሑፍ ሲሰጥ የፕላን ስምምነት ይባላል።

እስካሁን የሰማችሁት በቃል ነው፤ በቃል በተነገረ ከፍታ ላይ ደግሞ ይግባኝ ማለት አይቻልም። የፕላን ስምምነት በጽሑፍ ጠይቁ። ማመልከቻውን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ ማኅተምና የገቢ ቁጥር አስመትታችሁ ያዙ። መልሱ ሲወጣ ከፍታውን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ። የመሬት አጠቃቀሙን፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ከፍታውን፣ ሕንፃው ከቦታው ስንት በመቶ እንዲሸፍን እንደተፈቀደ፣ ከመንገድና ከጎረቤት ወሰን የሚለቀቀውን ርቀት፣ የሚጠየቀውን የመኪና ማቆሚያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከፍታው የተወሰደበትን የፕላን ስምና የጸደቀበትን ቀን ተመልከቱ። መዋቅራዊ ፕላን በአዋጁ የሚጸናው ለ10 ዓመት ነው። ጊዜው ያለፈበትን ወይም ገና ረቂቅ የሆነን ፕላን ጠቅሶ የተሰጠ መልስ ካገኛችሁ፣ ለይግባኝ ከዚያ የተሻለ መነሻ የለም።

ቀጥሎ ከወለል ቁጥር ወደ ሜትር ውረዱ። በከፍታ ላይ የሚነሳው ጠብ ግማሹ የሚፈጠረው «ጂ ፕላስ» ስንት ሜትር እንደሆነ ሳይነገር ስለሚቀር ነው። ምድር ወለሉ 3.2 ሜትር፣ ሌሎቹ ሰባት ወለሎች 3 ሜትር የሆነ መኖሪያ ጂ+7 ቁመቱ 24.2 ሜትር ነው። ሆቴል ግን አዳራሽና የአየር ቧንቧ ስላለው ምድሩን 4.5፣ የላዩን 3.4 ሜትር አድርጎ ቢሠራው 28.3 ሜትር ይደርሳል። የጣሪያ መከታ ግንቡ 1.2 ሜትር፣ የሊፍትና የደረጃ ክፍሉ ከጣሪያው በላይ 4 ሜትር ሲጨመር ጫፉ ከ32 ሜትር ያልፋል። ምድር ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀበር አንድ ሜትር ተኩል ወደ ላይ ብቅ ካለ ያም ይደመራል። ሁለቱም በወረቀት ላይ ጂ+7 ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን ወደ ሦስት ፎቅ ይጠጋል። ስለዚህ የጎረቤታችሁ ፈቃድ ላይ «ከፍተኛ ቁመት ስንት ሜትር ነው? ከየት ተነስቶ እስከ የት ይለካል?» የሚለው ካልተጻፈ እንዲጻፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። መነሻው የመንገዱ ጠርዝ ወይም የቦታው ተፈጥሯዊ ወለል መሆን አለበት። ገረጋንቲ ተሞልቶ ከፍ በተደረገ መሬት ላይ ከተለካ ሙሌቱ ሳይቆጠር ይቀራል።

ሜትር ሌላም ቦታ ይጠቅማችኋል። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከፍታው ከ12 ሜትር የሚበልጥን ሕንፃ ምድብ «ሐ» ውስጥ ያስገባዋል። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃም እዚያው ነው። ይህ ምድብ የተሟላ የአፈር ምርመራ፣ ደረጃው የሚመጥን ባለሙያና ጠንከር ያለ ቁጥጥር ይጠየቅበታል። የጎረቤታችሁ ሆቴል ያለ ጥርጥር ምድብ «ሐ» ነው። የእናንተ ጂ+4ም 4 ሜትር ምድር ወለልና 3.2 ሜትር የላይ ወለሎች ቢኖሩት 16.8 ሜትር ስለሚሆን እዚያው ይገባል። «ትንሽ ቤት ነው» ብሎ በቀላል ዲዛይን የሚጀምር ሰው ወጪውን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው።

ሰፈሩ ውስጥ «ከፍታ የሚገደበው በአውሮፕላን ማረፊያው ምክንያት ነው» የሚል ወሬ ካለ ተዉት። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት እንደ ባሕር ዳር ላለ ረጅም ማኮብኮቢያ ዙሪያውን እስከ 4 ኪሎ ሜትር ድረስ ከማረፊያው ወለል 45 ሜትር በላይ መውጣት አይፈቀድም። ከዚያ ወዲያ ገደቡ በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር እየጨመረ ይሄዳል። ማረፊያው ከመሀል ከተማው በምዕራብ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታም ወደ 1,820 ሜትር ስለሆነ ከሐይቁ ዳርቻ 30 ሜትር ገደማ ይበልጣል። 32 ሜትር የሆነ ሆቴል እዚህ ገደብ አጠገብ አይደርስም። በምዕራቡ የከተማው ክፍል፣ በተለይ በማኮብኮቢያው አቅጣጫ የሚሠራ ግን የአቪዬሽን ባለሥልጣንን የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ ሲሠራ የሚቆመው ክሬንም ይቆጠራል።

አሁን ወደ ሐይቁ። ከባሕር ዳር መሬት ጋር የሚሄድ ክርክር እንድታነሱ እፈልጋለሁ፤ ከፍታን ብቻ ይዞ የሚጮህ ሰፈር ብዙ ጊዜ የፈለገውን አያገኝም።

ከተማው ሜዳ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ቆማችሁ ስታዩ ዓይናችሁ ከመሬት 1.6 ሜትር ላይ ነው፤ የሐይቁ ወለል ደግሞ ከእግራችሁ በታች ነው። በዚህ አቀማመጥ ሐይቁን ለመጋረድ ጂ+7 አያስፈልግም። 2.5 ሜትር የግንብ አጥር ይበቃል። ስለዚህ «ጂ+7 ቀርቶ ጂ+3 ይሁን» ብትሉና ብታሸንፉ እንኳ ከግቢያችሁ የሚታየው ያው ግድግዳ ነው። ሐይቁን የሚያሳየውና ነፋሱን የሚያስገባው በሕንፃዎች መካከል ያለው ክፍተት ነው።

በቁጥር እንየው። ጎረቤታችሁ በሐይቁ በኩል 30 ሜትር ግንባር አለው እንበል። ሙሉውን 30 ሜትር ሸፍኖ 20 ሜትር ጥልቀት ያለው ጂ+3 ቢሠራ 30×20×4፣ ማለትም 2,400 ካሬ ሜትር ወለል ያገኛል። ግማሹን ግንባር ብቻ ይዞ ጂ+7 ቢሠራ 15×20×8፣ ያው 2,400 ካሬ ሜትር ነው። በመጀመሪያው ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ፤ በሁለተኛው 15 ሜትር ክፍት ቀረ። ለነፋስም እንዲሁ ነው። ቀን ቀን ሐይቁ ከየብሱ ቀዝቀዝ ስለሚል አየሩ ከሰሜን ወደ ከተማው ይነፍሳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተደረደረ ዝቅ ያለ ሕንፃ ከኋላው የራሱን ቁመት ብዙ እጥፍ የሚሆን ርቀት ነፋስ አልባ ያደርጋል፤ ጠባብ ሕንፃ ግን ነፋሱን በጎንና በጎን ያሳልፋል።

ይህን ስል ሐይቁ ዳር ረጃጅም ሕንፃ ይደርደር ማለቴ አይደለም። ለእኔ ትክክለኛው አሠራር የመጀመሪያው ረድፍ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር ከፍ እያለ የሚሄድ ነው። ከውሃው ላይ በጀልባ ሲታይም ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሲታይም የዛፎቹና የአብያተ ክርስቲያናቱ መልክ ሳይዋጥ የሚቆየው እንደዚያ ሲሆን ነው። ነገር ግን አንዱን መምረጥ ካለባችሁ አስቀድማችሁ ስፋትን ያዙ፤ ቁመትን በሁለተኛ ደረጃ ተከራከሩበት። የምትጠይቁት ክፍተትም «ክፍት ይተዋል» ተብሎ ብቻ አይለፍ። ከወሰናችሁ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ከመሬት እስከ ሰማይ ክፍት እንደሆነ፣ የቆርቆሮ ካፌ፣ የጄኔሬተር ቤት ወይም የመኪና ዳስ እንደማይሠራበት ፈቃዱ ላይ ይጻፍ። ሳይጻፍ የቀረ ክፍተት ሕንፃው በተመረቀ ማግስት ዳስ ይሆናል።

ለከተማውም የሚጠየቅ ነገር አለ። በ1950ዎቹ ጀርመናውያን ባለሙያዎች የነደፉት የባሕር ዳር ፕላን ሰፋፊ፣ ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎችን ሰጥቶናል። ወደ ውሃው የሚወርዱ መንገዶች ጫፋቸው ላይ ካልተዘጉ ማንም ሰው፣ ሆቴል ውስጥ ቡና ሳያዝዝ፣ ሐይቁን ያያል። ሰፈሩ በአንድነት ሊቆምለት የሚገባው ይሄ ነው፤ «ይደግ» የሚለውም ወገን አይቃወመውም። ከፍታን ከመንገድ ስፋት ጋር ማያያዝም ይቻላል። ዋሽንግተን ዲሲ ከ1910 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የሚሠራው በዚህ ነው፤ የሕንፃው ከፍታ በመንገዱ ስፋት ላይ 20 ጫማ፣ 6 ሜትር ገደማ ተጨምሮ ከሚገኘው አይበልጥም፣ በንግድ ጎዳናም በአጠቃላይ 130 ጫማ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለ ደንብ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ለአንዱ ፈቅዶ ለሌላው መከልከልን ያስቸግራል።

ጥላን በተመለከተ ክርክራችሁ ደካማ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ናት። በታኅሣሥ ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ 55 ዲግሪ ላይ ትሆናለች፤ የአንድ ሕንፃ ጥላ የቁመቱን 0.7 እጥፍ ወደ ሰሜን ይዘረጋል። ሆቴሉ በሰሜናችሁ ስለሆነ ይህ ጥላ ወደ ሐይቁ ነው የሚወድቀው። ወደ እናንተ የሚዞረው ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ነው፤ ሰኔ ላይ እንኳ ቀትር ላይ ከቁመቱ 0.2 ገደማ፣ ማለትም 6 ሜትር ያህል ነው። በተቃራኒው እናንተ ጂ+4 ስትሠሩ የእናንተ ጥላ በበጋ ከ10 ሜትር በላይ እሱ ግቢ ውስጥ ይገባል። ይህን ነጥብ ብታነሱ ለእሱ ነው የሚጠቅመው።

የውሃው ወሰን ግን ጠንካራ ነጥባችሁ ነው። ከሐይቁ ዳርቻ የሚተው ርቀት ሲለካ ዳርቻው የት እንደሆነ በመጀመሪያ መታወቅ አለበት። በ1988 ዓ.ም. የተሠራው የጨረጨራ ግድብ የጣናን ወለል ከባሕር ጠለል በላይ በ1,784 እና በ1,787 ሜትር መካከል እንዲቆጣጠር ነው የታሰበው፤ የ3 ሜትር ልዩነት ማለት ነው። ውሃው ዝቅ የሚለው ሰኔ አካባቢ፣ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው። በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ በሚወርድ ሜዳማ ዳርቻ ላይ ውሃው 1 ሜትር ሲነሳ 100 ሜትር ወደ የብስ ይገባል። በግንቦት የተለካ «የሐይቅ ዳርቻ» በጥቅምት ውሃ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሳይት ፕላኑ ላይ የሐይቁ መስመር በየትኛው ቀን እንደተነሳና ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠይቁ። ትክክለኛው መነሻ ከፍተኛው የውሃ ወለል ነው። ደንገል ተቆርጦ አፈር የተደፋበት ቦታ ደግሞ የብስ ሆኖ ሊቆጠር አይገባም። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ክልል፣ ማለትም ተፈጥሮው ከሰው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ የሚጠበቅበት አካባቢ ነው። ምዝገባው ራሱ የግንባታ ፈቃድ አይሰርዝም፤ በተቃውሞ ደብዳቤያችሁ ውስጥ ግን የዳርቻው ደንገልና ረግረግ ለምን እንደሚጠበቅ ለማስረዳት ይረዳል።

ፍሳሹንም ያዙ። ከከፍታው ይልቅ ሐይቁን የሚጎዳው እሱ ነው። 60 ክፍል ያለው ሆቴል ሞልቶ በክፍል 2 ሰው ቢያድር፣ ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ብቻ ቢታሰብ 12,000 ሊትር፣ ማለትም 12 ሜትር ኩብ ፍሳሽ በየቀኑ ይወጣል። 10 ሜትር ኩብ የሚይዝ የፍሳሽ መምጠጫ መኪና በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ መመላለስ አለበት ማለት ነው። ብዙ ሕንፃ ይህን በማስረጊያ ጉድጓድ እፈታዋለሁ ይላል። ዳርቻው ላይ ግን በክረምት የከርሰ ምድር ውሃው ወደ ላይ ስለሚመጣ ጉድጓዱ ማስረግ ያቆማል። ከዚያ የሚሆነው ይታወቃል፤ በሌሊት ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ቧንቧ ይዘረጋል፣ ቦዩ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረምም ይህን ምግብ አግኝቶ ይስፋፋል። የሆቴሉ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት መሠራቱን ጠይቁ። በውስጡም የማጣሪያው አቅም በቀን ስንት ሜትር ኩብ እንደሆነ፣ የተጣራው ውሃ የት እንደሚሄድና መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ፈልጉ። የማጣሪያ ቦታ በዲዛይኑ ላይ ካልተሳለ በኋላ የሚገባበት ቦታ አይገኝም።

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ግን የቤታችሁ መሠረት ነው። ምድር ቤት ሊቆፈር ነው ብላችኋል። በዚህ ሰፈር ከላይ ዋልካና ደለል፣ ከሥር ጥቁር ድንጋይ ነው የሚገኘው፤ ውሃውም ቅርብ ነው። ጎረቤታችሁ 4 ሜትር ሲቆፍር ውሃውን በፓምፕ መምጠጥ አለበት። ውሃው በ1 ሜትር ዝቅ ባለ ቁጥር ከሥራችሁ ያለው አፈር በካሬ ሜትር 1 ቶን ያህል ተጨማሪ ክብደት ይሸከማል፤ ዋልካ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተራል። በድንጋይ መሠረት ላይ ያለ አሮጌ ቤት የሚሰነጠቀው በዚህ ነው። የቁፋሮው ግድግዳ ሳይደገፍ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ዝናብ ሲያገኘው ይናዳል፤ አጥራችሁን ይዞ።

ለእሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። የምድር ቤቱ ወለል ከውሃው 3 ሜትር በታች ቢሆን ውሃው በካሬ ሜትር 3 ቶን ወደ ላይ ይገፋዋል። የአርማታ ክብደት በሜትር ኩብ 2.5 ቶን ስለሆነ፣ በክብደቱ ብቻ ለመቋቋም 1.2 ሜትር ውፍረት ያስፈልገዋል። የላይኛው ወለሎች ተገንብተው ክብደቱ እስኪበልጥ ድረስ ፓምፑ ከቆመ ባዶው ምድር ቤት እንደ ታንኳ ሊንሳፈፍ ይችላል። ስለዚህ ተጠባባቂ ጄኔሬተርና ሁለተኛ ፓምፕ ግዴታ ነው። ስምንት ወለል፣ ለእያንዳንዱ በካሬ ሜትር ከ1 እስከ 1.2 ቶን ቢታሰብ፣ ከ8 እስከ 10 ቶን ስለሚሆን ዋልካ ላይ የሚቀመጥ ሸክም አይደለም፤ እስከ ድንጋዩ መውረድ ይኖርበታል። የአፈር ምርመራው ስንት ጉድጓድ እንደተቆፈረለት፣ ስንት ሜትር እንደወረደና የውሃው ወለል በየትኛው ወር እንደተለካ ጠይቁ። በየካቲት የተለካ የውሃ ወለል ለመስከረም አይሆንም።

እናንተ ቁፋሮው ሳይጀመር የስንጥቅ መዝገብ አዘጋጁ። የእያንዳንዱን ክፍል ግድግዳ፣ ጣሪያና ወለል፣ አጥሩንም ጨምሮ ቀን የሚያሳይ ፎቶ አንሱ። ነባር ስንጥቅ ካለ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁ ስፋቱን በሚሊ ሜትር ጻፉ፤ በስንጥቁ ላይ አቋርጦ የሚሄድ የጄሶ ምልክት ለጥፋችሁ ቀኑን ጻፉበት። ጄሶው ከተሰበረ ስንጥቁ ተንቀሳቅሷል። መዝገቡን ጎረቤታችሁ፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱና የቀበሌ ተወካይ ይፈርሙበት፤ አንፈርምም ካሉ በደብዳቤ አድርሷቸውና የደረሰበትን ቀን ያዙ። ቁፋሮው ሲጀመር በየሳምንቱ ለኩ። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ አብዛኛውን ጊዜ ልስን ላይ የቀረ ነው። ወደ 5 ሚሊ ሜትር የተጠጋ፣ ወይም በርና መስኮት አልዘጋ ካሉ፣ በዚያው ቀን ለሕንፃ ሹሙ (የግንባታ ፈቃድ ለሚሰጠውና ለሚቆጣጠረው የከተማው ኃላፊ) በጽሑፍ አመልክቱና ሥራው እንዲቆም ጠይቁ።

የተቃውሞው መንገድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የሕንፃ ሹሙ ጋ በጽሑፍ፤ መልሱ ካላረካችሁ በሕንፃ አዋጁ መሠረት ለይግባኝ ሰሚው ቦርድ፤ ከዚያ ፍርድ ቤት። ቤታችሁ ላይ አደጋ ሲመጣ ቦርዱን ሳትጠብቁ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1225 መክሰስ ትችላላችሁ፤ ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅና መንቀጥቀጥ እንዳያደርስ የሚከለክለው እሱ ነው። ከክሱ ጋር በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ጊዜያዊ እግድ ይጠየቃል። እግድ ለማግኘት የሚያስፈልገው የስንጥቅ መዝገቡና የመሐንዲስ አስተያየት ነው። «ሐይቁ አይታየኝም» የሚለው በግል ክስ አያስኬድም፤ ቦታው የፕላን መድረክ ነው። አዋጅ 574 ፕላን ሲዘጋጅና ሲሻሻል ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። ለሆቴሉ የተፈቀደው ከፍታ በጸደቀው ፕላን ላይ ከሌለ፣ ፕላኑ መቼ እንደተሻሻለና የሕዝብ ውይይቱ ቃለ ጉባኤ የት እንዳለ ጠይቁ። ለአንድ ሰው ተብሎ በደብዳቤ ከፍ የተደረገ ቁመት ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ፕላኑ ላይ ካለ ግን ከፍታውን መቃወም አቁሙና በክፍተቱ፣ በፍሳሹና በቁፋሮው ላይ አተኩሩ።

የእናንተ ጂ+4 ይቀራል። ዝቅተኛ ከፍታ የሚደነገገው ውድ የሆነ የመሀል ከተማ መሬት በዝቅተኛ ቤት እንዳይያዝ ነው። ሐሳቡ ተገቢ ነው፤ አቅም የሌለውን ነባር ባለይዞታ ግን «ወይ ሥራ ወይ ሽጥ» ያሰኘዋል። ሦስት መውጫ አለ።

የመጀመሪያው ጥገና ነው። መዋቅር የማይነካ ጥገና፣ ቆርቆሮ መቀየር፣ ልስን፣ ቀለም፣ የውሃና የመብራት መስመር፣ ከአዲስ ግንባታ የተለየ ነው። «እድሳት» ብላችሁ በጥቅሉ ካመለከታችሁ እንደ ግንባታ ይታይና የከፍታው ደንብ ይመጣባችኋል። የሚሠራውን በዝርዝር ጻፉ፤ ምሰሶና ግድግዳ እንደማይፈርስም ግለጹ። ዓመታት ይገዛላችኋል።

ሁለተኛው በደረጃ መሥራት ነው። ዲዛይኑ ሙሉ ጂ+4 ሆኖ ይጸድቃል፤ መሠረቱና ኮለኑ ለጂ+4 ይሠራል፤ ግንባታው ግን መጀመሪያ ምድርና አንደኛ ላይ እንዲቆም በጽሑፍ ይፈቀዳል። የማጠናቀቂያ ጊዜው አብሮ መጻፍ አለበት፤ በተለይ ይዞታው ወደ ሊዝ የሚገባ ከሆነ ያልተጠናቀቀ ግንባታ ቦታውን ሊያስወስድ ይችላል። የሚበላሸው፣ ለሚቀጥለው ወለል ተብሎ ከኮለኑ በላይ የሚተወው ትርፍ ፌሮ ነው። ለ16 ሚሊ ፌሮ 1 ሜትር ያህል ለማያያዣ ይተዋል፤ ለዓመታት ዝናብ ከመታው ዝገቱ ይበላውና በኋላ አያስተማምንም። ሲሚንቶ ወተት ቀብታችሁ በደካማ ኮንክሪት ሸፍኑት። ጣሪያ ሆኖ የሚቆየው ሶሌታም ውሃ መከላከያና ተዳፋት ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ከጎንና ከጎን ካሉት ጋር ተጣምሮ ማልማት ነው፤ እኔ የምመርጥላችሁም ይህን ነው። 300 ካሬ ሜትር፣ 15 በ20 ሜትር የሆነ ቦታ 60 በመቶ ሲሸፈን በወለል 180 ካሬ ሜትር ነው፤ ደረጃና ሊፍት ብቻ ከ20 እስከ 25 ካሬ ሜትር ይወስዳል። መኪና በምድር ቤት ይቁም ካላችሁ 3 ሜትር ለመውረድ በ15 በመቶ ተዳፋት 20 ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋል፤ የቦታችሁ ሙሉ ርዝመት ማለት ነው። ሦስት ይዞታ ሲጣመር ግን አንድ ደረጃ፣ አንድ ሊፍት፣ አንድ መወጣጫ፣ አንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ይበቃል። ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ውስጥ ቢገባም፣ ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለማስለቀቅና ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በቡድን የማልማት ቅድሚያ መብት ይሰጣቸዋል፤ ማሻሻያውን አዋጅ ቁጥር 1336/2016ም አብራችሁ አንብቡ። ሲጠናቀቅ በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እያንዳንዱ ወገን ድርሻውን በቤት በቤት ያስመዘግባል። ስምምነቱ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ይሁን፤ መዋጮው፣ የትኛው ወለል የማን እንደሆነ፣ አንዱ መክፈል ቢያቅተው ምን እንደሚሆን ይግባበት።

ከሦስቱም የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ነገር ይቀድማል። ካርታው አሁንም በአባታችሁ ስም ከሆነ ማንም የግንባታ ፈቃድ አይሰጣችሁም። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ፣ የሁሉም ወራሾች ስምምነት በጽሑፍ ይያዝ፣ ውጭ አገር ያለ ወራሽ ውክልና ይላክ፣ ከዚያ ስም ይዙር። የመንገዱ ስፋት በኮሪደር ልማት ተቀይሮ እንደሆነም አዲስ ካርታ ሲወጣ ወሰኑን በቦታው አስለኩ፤ ከፊት ለፊት 2 ሜትር ከተቀነሰ 15 ሜትር ግንባር ላይ 30 ካሬ ሜትር ይሄዳል፣ ዲዛይኑም መሠራት ያለበት በቀረው 270 ላይ ነው።